ረምላ ማለት አሸዋ ብቻ አይደለም

 

በዚህ ረመዳን የመጀመሪያ ሳምንት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ አንድ አባት ልጁን ይዞ እዚህ ጭሮ ወደማሰግድበት መስጊድ መጣ። በረንዳው ላይ ተቀመጥን። «ሼህ፣ ይህች ልጅ ስሜን ቀይሩልኝ ብላ ቤቱን አስጨነቀችው» አለኝ። ልጅቷ ረምላ ትባላለች፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። የክፍል ጓደኞቿ የስሟን ትርጉም በስልክ ፈልገው «አሸዋ» የሚል አገኙ። ከዚያ ወዲህ ስታልፍ «አንድ ሲኖ አሸዋ ስንት ገባ?» እየተባባሉ ይስቁባታል። አዲስ ስምም መርጣ መጥታለች። ከስልክ ያገኘችው፣ ለጆሮ የሚጥም፣ እኔ ግን በተማርኩት ዐረብኛ ሥሩን ፈልጌ ያጣሁት ስም ነው።

ነገሩን ከባድ ያደረገው ሌላ ነበር። ስሙ የአባቷ እናት ስም ነው። አያትየው በሚኤሶ በኩል ባለው ቆላ ያደጉ፣ ዛሬ ከልጃቸው ጋር ጭሮ የሚኖሩ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ስሙን እንደማትፈልገው ሲሰሙ ምንም አላሉም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን «ረምላ» ብለው አልጠሯትም፤ «አንቺ ልጅ» ነው የሚሏት።

ልጅቷን ጠየቅኳት። «ሼህ፣ ስም ጥሩ ትርጉም ይኑረው ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። አሸዋ ምኑ ጥሩ ነው?» አለችኝ። እኔም የጾሙ ድካም ተጨምሮበት፣ «የምእመናን እናት ስም ነው፤ እንዲህ ያለ ስም አይለወጥም» ብዬ ነገሩን ቆረጥኩት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች እንጂ አልረካችም። ከተራዊሕ በኋላ ወደ ቤቴ ስሄድ መልሴ እኔንም አላረካኝም። ጥያቄዋ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። እኛ አባቶችና መምህራን ስም እናወጣለን፤ የስሙን ታሪክ ግን አንነግራቸውም። ታሪኩን ያልሰማች ልጅ የስሟን ትርጉም ከስልክ ብትማር ጥፋቱ የማን ነው? በማግስቱ አባትና ልጅን አስጠርቼ የነገርኳቸውን ነው ዛሬ የማቀርብላችሁ፤ ይኸው ጥያቄ በሂርናም፣ በበዴሳም፣ በገለምሶም ብዙ ቤት ውስጥ እንዳለ አውቃለሁና።

ስም በምን ይመዘናል?

በሱናው መሠረት ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን ዓቂቃ ይታረድለታል፣ ጸጉሩ ይላጫል፣ ስምም ይወጣለታል። ከዚያ ቀድሞ መሰየምም ይቻላል፤ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው በተወለደበት ሌሊት በአባታቸው በኢብራሂም (ዐ.ሰ) ስም እንደሰየሙት በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ልብ በሉ፤ ያን ስም የመረጡት ለጆሮ ስለጣመ አይደለም። ቀድሞ የተሸከመውን ሰው አስበው ነው።

ነቢዩ አንዳንድ ስሞችን ይለውጡም ነበር። የዑመር ቢን አል-ኸጣብ ልጅ ዓሲያ ትባል ነበር፤ «አመጸኛ» ማለት ነው። እሳቸው ጀሚላ አሏት፤ ቆንጆ ማለት ነው። እዚህ ላይ ልጆቻቸውን አሲያ ያሉ ወላጆች አይደንግጡ፤ የፊርዓውን ሚስት የነበሩት የደጊቱ አሲያ ስም በዐረብኛ በሌሎች ፊደላት የሚጻፍ ሌላ ስም ነው። በአማርኛ ስንጽፈው ነው ሁለቱ የሚመሳሰሉት። አሚናም እንዲሁ ናት። የነቢዩ እናት ስም «ሰላም ያላት፣ ከስጋት የዳነች» የሚል ትርጉም ሲኖረው፣ ሌላዋ አሚና ደግሞ «ታማኝ» ማለት ነው። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ አንድ ግን አይደሉም።

ነቢዩ የለወጡት መጥፎ ትርጉም ያለውን ብቻ አልነበረም። በርራ የምትባል ሴት ነበረች፤ «ደግ፣ ጻድቅ» ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ያማረ ትርጉም ከወዴት ይገኛል? እሳቸው ግን ነፍስን ማወደስ እንዳይሆን ብለው ዘይነብ አሏት። ስለዚህ ያማረ ትርጉም ብቻውን ስምን ከመለወጥ አያድንም፤ ተራ ትርጉምም ብቻውን ስምን አያስጥልም። ረምላ የነቢዩ ባለቤት ስም ነው። ስሟ ሂንድ ነበር ያሉ ቢኖሩም፣ በዑለሞች ዘንድ የታወቀው ረምላ ነው። ስምን ለትርጉሙ ሲሉ ይለውጡ የነበሩት ነቢይ ይህንን አልነኩትም። ዝምታቸው ለእኛ ማስረጃ ነው።

የአሸዋው ነገር

አሁን ወደ አሸዋው እንምጣ። «ረምል» በዐረብኛ አሸዋ ነው፤ «ረምላ» ደግሞ ከዚያ አንዱ ክፍል፣ የአሸዋ መሬት ማለት ነው። ዐረቦች ልጆቻቸውን በሚያውቁት ምድር፣ ዛፍና አውሬ ስም ይጠሩ ነበር። ጦልሐ የዛፍ ስም ነው፤ ኡሳማ የአንበሳ። የእናታችን የረምላ አባት አቡ ሱፍያን እንኳ ትክክለኛ ስሙ ሰኽር ነበር፤ «ዐለት» ማለት ነው። የዐለት ልጅ አሸዋ! የእኛም የሐረርጌ ሰው ልጁን ሮባ ሲል ዝናብን መሰየሙ አይደለምን? ማንም ግን «ዝናብ ምኑ ጥሩ ነው?» አይልም፤ ዝናብ ምን እንደሚያመጣ እናውቃለንና።

የበረሃ ሰው ደግሞ አሸዋ ምን እንደሚይዝ ያውቃል። ከጭሮ ቁልቁል ወደ ሚኤሶ ሲወረድ፣ በበጋ ወንዙ ደርቆ ነጭ አሸዋ ብቻ ሆኖ ይታያል። መንገደኛ ደረቅ ነው ብሎ ያልፋል። የአገሩ ሴቶች ግን ጄሪካን ይዘው ወርደው፣ አሸዋውን በእጃቸው ቆፍረው ውሃ ይቀዳሉ። አሸዋው ውሃውን ከፀሐይ ደብቆ ያቆየላቸዋል። በመዝሀባችን በሻፊዒይም፣ ውሃ ያጣ ሰው ለሶላት ንጹሕ አፈር ይፈልጋል፤ አሸዋም አቧራ ካለው ተየሙም ይደረግበታል። ውሃ ሲጠፋ በሶላት ፊት የሚያቆመን እሱ ነው። በፍልስጥኤም ያለችው ረምላ ከተማም፣ በ8ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኡመውያው ሱለይማን ቢን ዐብዱልመሊክ ስትቆረቆር፣ የተሰየመችው በቆመችበት አሸዋ ነው።

አንዳንድ ወላጆች በረመዳን የተወለደችን ልጅ «ከረመዳን የወጣ ስም ነው» ብለው ረምላ ይሏታል። ሥራቸው ሁለት ነው፤ የረመዳን መጨረሻ ፊደል ሌላ ነው። ረመዳን የመጣው በፀሐይ ከነደደ መሬት ግለት ነው። «ረምዷእ» የሚባለው ያ የጋለ አሸዋና ድንጋይ ነው። የእኛው አገር ሰው ቢላል (ረ.ዐ) ደረታቸው ላይ ቋጥኝ ተጭኖ «አሐድ፣ አሐድ» ያሉት በመካ የጋለ መሬት ላይ ነበር። ሁለቱ ቃላት በሥር ባይገናኙም በምድር ላይ ተገናኝተዋል ማለት ይቻላል።

ሐበሻ ላይ የተዳሩት ረምላ

ይህ ሁሉ የቃሉ ትርጉም ነው። የስሙ ክብር ግን ከመዝገበ ቃላት አልመጣም። ረምላ ቢንት አቡ ሱፍያን (ረ.ዐ) የመካ መሪ ልጅ ነበሩ። አባታቸው እስልምናን በሚዋጋበት ጊዜ እሳቸው ሰለሙ። ከ615 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሶሐቦች ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ፣ ረምላም በሁለተኛው ጉዞ ከባላቸው ከዑበይዱላህ ቢን ጀሕሽ ጋር ባሕር ተሻግረው መጡ። ሐቢባ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው፤ ኡሙ ሐቢባ የተባሉት በእሷ ነው። ዛሬ በከተሞቻችን በየሰፈሩ ያለችው ሐቢባ የስሟ ትዝታ እዚህ ድረስ ይደርሳል።

የሲራ ጸሐፍት እንደዘገቡት ባላቸው እዚሁ ሐበሻ ሃይማኖቱን ለወጠ፤ እዚሁም ሞተ። እስኪ የእኚህን ሴት ሁኔታ አስቡት። ወደ መካ ቢመለሱ አባታቸው ከሙስሊሞች ጋር ጦርነት ላይ ነው። ባል የለም፤ በእጃቸው ያለች አንዲት ሴት ልጅ ናት። በሰው አገር፣ በእንግድነት፣ በእምነታቸው ጸንተው ዓመታት ቆዩ። ዛሬ እህቶቻችን ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ሄደው ብቻቸውን ሲቸገሩ እንሰማለን። እናታችን ረምላ በተቃራኒው ከዐረብ አገር ወደ እኛ የመጡ ብቸኛ ሴት ነበሩ። የእኛ አገር ሰው ምን አደረገላቸው?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ረምላን ለትዳር እንዲያጩላቸው ወደ ነጃሺ ላኩ። ነጃሺም አብረሃ የምትባል አገልጋያቸውን ለብስራቱ ላኳት፤ ስሟ የአገራችን ስም እንደሆነ አስተውሉ። ረምላ በደስታ የእጃቸውን የብር አምባርና ቀለበት አውልቀው ሰጧት። ዘመዳቸውን ኻሊድ ቢን ሰዒድን ወኪል አደረጉ። ነጃሺ ስደተኞቹን ሰብስበው ኒካሑን አስፈጸሙ፤ መህሩንም ከራሳቸው ከፈሉ። በአንድ ዘገባ 400 ዲናር ነው፤ በሌላው 4,000 ድርሃም። ሰዎቹ ሊነሱ ሲሉም ነጃሺ ሰርግ ያለ ምግብ አይሆንም ብለው አስቀምጠው አበሏቸው። በሌላ ዘገባ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የነቢዩ ሚስቶች መህር 500 ድርሃም ያህል እንደነበር ተናግረዋል። የሐበሻው ንጉሥ የከፈሉት የዚያን ስምንት እጥፍ መሆኑ ነው።

ልጅቷ እዚህ ላይ ቀና አለችና፣ «400 ዲናር በብር ስንት ይሆናል?» አለችኝ። አባትየው ሳቀ። አንድ ዲናር 4.25 ግራም ወርቅ ነው፤ ስለዚህ 1 ኪሎ ከ700 ግራም ወርቅ ይሆናል አልኳት። የዛሬን የወርቅ ዋጋ እሷው በስልኳ አስልታ ዝም አለች። እናንተ ወላጆች ግን ይህን ታሪክ ለመህር መደራደሪያ አታድርጉት። የከፈሉት ንጉሥ ናቸው፤ የከፈሉትም ለስደተኛ ክብር ነው።

ረምላ መህራቸው ሲደርሳቸው ለአብረሃ 50 ሚስቃል ወርቅ ሊጨምሩላት ቢሉ እንቢ አለች፤ የቀድሞውንም ጌጥ መለሰች። መስለሟን ነግራቸው፣ አንድ ነገር ብቻ ለመነቻቸው፦ ለነቢዩ ሰላምታዋን እንዲያደርሱላት። በማግስቱ ከነጃሺ ሚስቶች ዘንድ ሽቶ ይዛ መጣች፤ ዑድ፣ ወርስ፣ ዐንበርና ብዙ ዝባድ። ዝባድ ማለት ያው እኛ ዝባድ የምንለው ነው። ወርስም ከሐረር አገር በባሕር ማዶ ሲሸጥ የኖረ ቢጫ ማቅለሚያ ነው። ረምላ ያንን ሽቶ ይዘው በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ መዲና ገቡ። ነቢዩም ሽቶውን በእሳቸው ላይ እያሸተቱ አልነቀፉትም። የአብረሃን ሰላምታ ሲሰሙም ፈገግ ብለው መለሱላት። ስሟን ብዙዎቻችን የማናውቃት የሐበሻ ሴት ሰላምታ መዲና የደረሰው በረምላ በኩል ነው።

የጸናችው

መዲና ከገቡ በኋላ ስለ እናታችን ረምላ ሦስት ነገር ለልጆቻችን ብንነግር ይበቃል።

አንደኛ፣ አባታቸው አቡ ሱፍያን ከመስለሙ በፊት ለድርድር መዲና መጥቶ በልጁ ቤት ምንጣፍ ላይ ሊቀመጥ ሲል አጠፉበት። የነቢዩ ምንጣፍ ነው፤ አንተ ደግሞ ገና ሙሽሪክ ነህ አሉት። ኋላ ላይ አባታቸው ሰልሞ ልባቸው አረፈ።

ሁለተኛ፣ በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበው የ12ቱ ረከዓ ሐዲስ የእሳቸው ነው። ከግዴታ ሶላት ውጭ በቀንና በሌሊት 12 ረከዓ የሚሰግድ በጀነት ቤት እንደሚሠራለት ከነቢዩ ሰምተው አስተላለፉ፤ ከሰሙበት ቀን ጀምሮም እንዳልተዉት ተናገሩ። ከእሳቸው የሰማው ወንድማቸው ዐንበሳም ከሰማሁ ወዲህ አልተውኩትም አለ፤ ከእሱ የሰማውም እንዲሁ፣ ቀጥሎ የሰማውም እንዲሁ። አራት ሰው ተቀባብሎ ሳያቋርጥ የሠራበት ሐዲስ ነው። ረከዓዎቹም ከዙህር በፊት 4፣ ከዙህር በኋላ 2፣ ከመግሪብ በኋላ 2፣ ከዒሻ በኋላ 2፣ ከፈጅር በፊት 2 ናቸው። በረመዳን ተራዊሕ እየሰገድን እነዚህን ብንረሳ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ሦስተኛ፣ በ44 ዓመተ ሒጅራ ሊሞቱ ሲሉ ዓኢሻን አስጠሩ። በጣውንቶች መካከል የሚኖረው ነገር በመካከላችን ኖሮ ይሆናል፤ አላህ ለእኔም ለአንቺም ይማር አሏቸው። ዓኢሻም ይቅር አሉ፤ ረምላም ደስ አሰኘሽኝ፣ አላህ ደስ ያሰኝሽ ብለው መረቁ። ወደ ኡሙ ሰለማም ልከው እንዲሁ አደረጉ። በዚህ የይቅርታ ወር ጎረቤቷን ያኮረፈች ሴት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከወዴት ታገኛለች?

እኛና የልጆቻችን ስም

ከተማችን ራሷ ሁለት ስም አላት። ሽማግሌው አሰበ ተፈሪ ይላታል፤ ወጣቱ ጭሮ። አንዱን የጠራ የሆነ ዘመን ታሪክ አብሮ ይጠራል። የልጆቻችንም ስም እንዲሁ ነው። ከዲጃ፣ ፋጡማ፣ ሐሊማ፣ ረምላ ስንል አራት ታሪክ እየጠራን ነው። አዲስ ስም ማውጣት አልተከለከለም፤ ብዙ ያማሩ አዳዲስ ስሞች አሉ። ምክሬ ሦስት ነው። ስሙን ከስልክ ብታገኙትም ዐረብኛ ወደሚያውቅ ሰው ውሰዱት፤ በአማርኛ አንድ የሚመስሉ ፊደላት በዐረብኛ ትርጉም ይለውጣሉና። ከመመዝገባችሁ በፊትም አጻጻፉን በአንድ ወረቀት ላይ በአማርኛ፣ በቁቤና በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ተስማሙ። ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጓል፤ ዓቂቃውም በሰባተኛው ቀን ነው፤ ጊዜ አላችሁ። ፋጡማ በቁቤ ስትጻፍ የ«ጠ» ድምጽ በ«ኤክስ» ፊደል ይወከላል፤ ይህን የማያውቅ ሰው «ፋክሱማ» ብሎ ያነባታል። ትምህርት ቤት አንድ፣ ፓስፖርት ላይ ሌላ ሆና የምትንከራተተው ያቺው ልጅ ናት። ሦስተኛውና ዋናው፣ ስሙን ስታወጡ ታሪኩን አብራችሁ አውጡ። በኢፍጣር ላይ ቴምር በእጃችሁ ይዛችሁ አዛን ስትጠብቁ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ለልጅቷ ስሟን አትቀይሪ ብዬ አላዘዝኳትም። «ዛሬ ስታፈጥሩ አያትሽን ለምን ረምላ እንደተባሉ ጠይቂያቸው» ብቻ አልኳት። ከጥቂት ቀናት በኋላ አባትየው ከተራዊሕ ስንወጣ አገኘኝ። ልጅቷ ጠይቃ ነበር። አያትየው አባታቸው ያልተማሩ ሰው እንደነበሩ፣ በአንድ ሐድራ ላይ ሼሁ የኡሙ ሐቢባን ታሪክ ሲናገሩ ሰምተው ልጄን ረምላ እላታለሁ እንዳሉ ነገሯት። «ንጉሥ የዳራት ማለት ነው ብለውኛል አባቴ። አሸዋ መሆኑን እኔም ገና አሁን መስማቴ ነው» ብለው ሳቁ አለኝ።

እኔ በመድረሳ ብዙ ዓመት ተቀምጬ የቃሉን ሥር አወቅሁ። እኚያ የሚኤሶ አባት ፊደል ሳይቆጥሩ የስሙን ፍሬ አወቁ። ስም ቀይሩልኝ የሚለው ጥያቄ በዚያ ቤት እስካሁን ዳግም አልተነሳም፤ አያትየውም በስሟ መጥራት ጀምረዋል።

አላህ ሴት ልጆቻችንን እንደ ስሞቻቸው ባለቤቶች የጸኑ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም። ረመዳን ከሪም።